ጨዋታው መንገድ ተሻገረ

ቅዳሜ ጠዋት ቀድማ የምትነሳው እናትየዋ ናት። ከመጋረጃው ጀርባ የስፌት መኪናዋ መንኳኳት ሲጀምር ልጅቷ ትነቃለች፤ ፊቷን ትታጠብና የፊተኛውን ክፍል የቆርቆሮ በር በትከሻዋ ገፍታ ትከፍታለች። አግዳሚ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው ታስጠጋለች። የጌም ጆይስቲኮቹን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች፤ የልጅ እጅ መቼም ንጹሕ ሆኖ አያውቅም። በመጨረሻም ጠመኔ ይዛ በሩ አጠገብ በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ የዕለቱን ውድድር ትጽፋለች፤ ማን ከማን፣ ከዚያስ ማን።

የዚያን ቀንም ይህንኑ አደረገች። እስከ ረፋድ ድረስ የመጡት ግን ሁለት ወንድማማቾች ብቻ ነበሩ። ትልቁን ጉንፋን ይዞታል፤ የትንሹ እግር ገና ከወንበሩ መሬት አይደርስም።

«ዳኛዋ፣ ሌሎቹስ?» አለ ትልቁ አፍንጫውን እየሳበ። ዳኛዋ የሚሏት የሰፈሩ ልጆች ናቸው።

«ይመጣሉ።»

«ባለፈው ሳምንትም ይመጣሉ ብለሽ ነበር።»

«አንተ ዝም ብለህ ጀልባህን ንዳ።»

ጌም ቤቱን የከፈተው አባቷ ነው። ነጩን የጌም ማሽን የገዛውም አስቦበት ነበር። «ማዕበል» የሚባለው የጀልባ ውድድር የሚሠራው በነጩ ማሽን ላይ ብቻ ነው፤ ጌሙን የሠራው ያው ማሽኑን የሚሠራው ኩባንያ ነውና። ከመንገዱ ማዶ ያለው ቀይ ወንበር የሚባል ጌም ቤት የተቀናቃኙ ኩባንያ ጥቁር ማሽን አለው፤ ሰፊ ስክሪንና ስሙን ያወጡለት ምቹ ወንበሮችም አሉት። ማዕበል ግን አልነበረውም። «ማዕበልን የፈለገ ወዴትም አይሄድም» ይል ነበር አባቷ።

ከጌሙ ሌላ ደግሞ አንድ ደንብ ነበረው፤ የተሸነፈ ያወራል። እዚያ ቤት ተሸንፎ፣ አኩርፎ መሄድ የለም። የተሸነፈው ስክሪኑ አጠገብ ቆሞ ቀጣዩን ውድድር እንደ ስፖርት ጋዜጠኛ ያስተላልፋል፤ ያሸነፈውንም እያሞገሰ። ለማውራት ሲሉ ሆን ብለው የሚሸነፉ ልጆች ሁሉ ነበሩ። ባለፈው ክረምት አባትየው ሲሞት ውድድሩን የመምራቱ ሥራ ወደ ልጅቷ ዞረ። በዐሥራ አራት ዓመቷ ዳኛ ሆነች።

ከሁሉም አሳምሮ የሚያወራው ትምህርት ቤት አብሯት አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጠው ልጅ ነው፤ ሬዲዮ ይሉታል። ሰሞኑን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የሒሳብ ማጠናከሪያ ጀምሬያለሁ ብሎ ቀርቶ ነበር።

በሩን ነፋስ መልሶ እንዳይዘጋው ድንጋይ ልታስደግፍ ጎንበስ ስትል ከማዶ ድምፅ ሰማች።

«...ሰማያዊዋ ጀልባ በድንጋዩ ጎን ሾልካ አለፈች! ወገን፣ አሁን እኔን የረታኝ ጀግና እንዴት እንደሚጠመዘዝ እዩልኝ!»

ሬዲዮ ነው። ሬዲዮ ስለ ጀልባ ያወራል።

«እዚያ ምን ጀልባ አለ?» አለች ሳታስበው።

«ማዕበል መጥቷላ» አለ ትንሹ ልጅ እግሩን እያወዛወዘ። «አታውቂም እንዴ?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል ማለት ነው። መንገዱን ተሻገረች።

ቀይ ወንበር ቤት ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰሌዳዋ ላይ ስማቸውን የጻፈቻቸው ልጆች ሁሉ እዚያ ናቸው። ሬዲዮ ሲያያት አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

«ሒሳቡ እንዴት ነው?» አለችው።

ልጆቹ ሳቁ። «ዳኛዋ... በኋላ ልነግርሽ ነበር» አለ።

«መቼ? ስትመረቅ?»

«አቦ ሙድ አትያዢብኝ። ፈርቼ ነው።»

ልትመልስለት ስትል ጌሙ እንደገና ተከፈተ። ስክሪኑ ላይ በመጀመሪያ አይታው የማታውቀው ምልክት መጣ፤ ሰማያዊ የበር ቁልፍ። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የነጩ ማሽን ኩባንያ ስም ተጽፏል። ከዚያ የምታውቀው ባሕር፣ የምታውቀው ሙዚቃ። እዚህ ስክሪኑ ሰፊ ስለሆነ ባሕሩም ሰፍቷል።

የቤቱ ባለቤት ጥግ ላይ ቁጭ ብለው የተበጠሰ የጆይስቲክ ገመድ ይጠግናሉ። ወፍራም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ የነጩ ማሽን ጌም ነው» አለቻቸው።

«ነበር። አሁን የሁለቱም ሆኗል።»

«የተሰረቀ ነው?»

«ምን በወጣኝ! በደረሰኝ ነው የገዛሁት።»

«ታዲያ የራሳቸውን ጌም ለተቀናቃኛቸው ለምን ይሰጣሉ? ሞኞች ናቸው እንዴ?»

ጋሼ ገመዱን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «እኔም ዲስኩን ያመጣልኝን አከፋፋይ እንዲሁ ብዬ ጠይቄዋለሁ። አየሽ፣ ነጩን ማሽን ሊገዛ ያሰበ ሰው ድሮ ገዝቷል። ጥቁሩን የያዘው ደግሞ ለአንድ ጌም ብሎ ሁለተኛ ማሽን አይገዛም። ጌሙን ለመሥራት ስንት ሰው ስንት ዓመት ለፍቶበታል። ታዲያ ሰዉ ወደ አንቺ ካልመጣ፣ ሰዉ ወዳለበት መሄድ ነው እንጂ ሌላ ምን አለ?»

«እሺ ራሳቸው ለምን አላመጡትም? ይሄ ቁልፍ የማነው?»

«የሌላ ኩባንያ ነው፤ አሳታሚ ይሉታል። የሰው ገበያ ነዋ! የጥቁሩ ማሽን ኩባንያ የራሱ ፈተና፣ የራሱ ደንብ አለው። በሩን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ጌሙን ለዚህ ማሽን ማስተካከሉን፣ ማስተዋወቁን፣ መሸጡን፣ ጣጣውን ሁሉ ያ ሰው ይሸከማል፤ ከተሸጠ ይካፈላሉ። ደግሞ ይሉኝታም አለ። ዕድሜ ልካቸውን ‹እኛ ጋ ብቻ› ሲሉ ኖረው አሁን በምን አፋቸው በተቀናቃኛቸው ሱቅ ይቁሙ?»

«እኛስ? ለእሱ ብለን ነጩን የገዛነው?»

ጋሼ ገመዱን መልሰው አነሱ። «እናንተማ ጌሙ አሁንም አላችሁ» አሉ። «የሄደባችሁ ‹ብቻ› የምትለዋ ናት።»

ከኋላዋ ሁለት ልጆች ተራው የኔ ነው የኔ ነው እየተባባሉ መገፋፋት ጀምረዋል።

«ይሄው ነው» አሉ ጋሼ ወደ እነሱ እያዩ። «ይሄንንም ገመድ ትናንት የበጠሱት ሲታገሉ ነው። ሬዲዮ ማውራቱን አመጣልን፣ ዳኝነቱን ግን አላወቀበትም። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ብትመጪልኝ?»

«እኛ ቤት ዳኛ አለ» አለች። «ሰው ነው የጠፋው።»

«እኮ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አንቺን አላልኩም።»

«ብለውኛል» አለችና ወጣች።

ወንድማማቾቹ ለምሳ ሄደዋል። ስክሪኑ ላይ ጀልባዋ ማንም ሳይነዳት ቆማለች። እናቷ ለወትሮው ወደዚህ ክፍል እምብዛም አትወጣም፤ አሁን ግን ግድግዳው ሥር ተንበርክካ በስፌት ሜትር ትለካለች። ልጇን ስታይ ሜትሩን ጠቅልላ በእጇ ያዘችው።

«ምን እየለካሽ ነው እማዬ?»

«ምንም። ለመጋረጃ ነው።»

«እዚያ ጋ እኮ መስኮት የለም።»

እናትየዋ ግድግዳውን አየችው። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ስትቀመጥ ጉልበቷን በሁለት እጇ ደገፈች። ዓይኖቿ ሥር ጠቁረዋል። ልጅቷ ይህን ከመቼ ጀምሮ እንዳላስተዋለች ማስታወስ አልቻለችም።

«የተማሪዎች የደንብ ልብስ ሥራ መጥቶልኝ ነበር» አለች እናትየዋ። «የመቁረጫ ጠረጴዛ የግድ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ደግሞ እኔም በመከራ ነው የምተጣጠፈው። ትናንት ቦታ የለኝም አልኳቸው። ዛሬ ደግሞ እንደገና አስቢበት ብለው ደወሉ። እስከ ሰኞ ይጠብቃሉ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቅዳሜን እንዴት እንደምትጠብቂ አያለሁ እኮ። ከአባትሽ የቀረሽ ነገር ይኸው ነው፤ እኔ ነኝ የማፈርስብሽ?»

ልጅቷ ጣቶቿ ላይ የቀረውን ጠመኔ አራገፈች። ቅዳሜን አትጠብቅም። ከሐሙስ ጀምሮ ትጨነቃለች፤ ማን ይመጣ ይሆን፣ ማንስ ይጣላ ይሆን፣ ሰኞ ፈተና አለ፣ ቅዳሜ ሰሌዳ አለ። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም።

«እኔ ደግሞ አንቺ ትፈልጊዋለሽ ብዬ» አለች ቀስ ብላ። «ጫጫታውን። እሱ እያለ እንደነበረው።»

እናትየዋ አቅም የሌለው ሳቅ ሳቀች። «ጫጫታውማ ራሴን ሊያፈነዳው ነበር፣ ልጄ። ግን ዝም ሲል ደግሞ...» አልጨረሰችውም። «እስቲ ሆድ ይፍጀው» ብላ ብድግ አለች።

ልጅቷ ወደ መጋረጃው ስትሄድ አየቻት። «እማዬ።»

«እ?»

«ደውይላቸው። ሰኞን አትጠብቂ።»

እናትየዋ ዞር ብላ ልጇን አየቻትና ስልኳን አነሳች።

ሰኞ በዕረፍት ሰዓት ሬዲዮ እንደ ሐውልት ዝም ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ። ለእሱ ይህ ትልቅ ቅጣት ነው።

«ውድድሩን ውሰደው» አለችው።

«ምን?»

«የቅዳሜውን። እንዴት እንደሚመራ አሳይሃለሁ። ትንንሾቹ ቀድመው ይጫወታሉ። የተጣሉ ሁለቱም ተራቸውን ያጣሉ። የተሸነፈ ልጅ ሲያወራ ማንም ከአፉ አይነጥቀውም፣ ቢንተባተብም። አንተም ጭምር።»

«እሱ ይከብዳል።»

«አውቃለሁ።»

«አንቺስ? ጋሼ እኮ አንቺን ነው የፈለጉት።»

«እኔ አልመጣም። በሩን የምታውቀው አንተ ነህ። ያ ሰማያዊ ቁልፍ መሆንህ ነው።»

ሬዲዮ አሰበበት። «እንዲያ ከሆነ የኔም ምልክት መጀመሪያ ይታይ።»

«ምን ልትስል ነው? ምላስህን?»

ሳቀ፤ እሷም ትንሽ ሳቀች። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «አንድ ነገር ግን አለ። ከመጀመሪያው ውድድር በፊት ‹የተሸነፈ ያወራል› የማን ደንብ እንደሆነ ትናገራለህ። በአጭሩ። አታካብድ።»

«እናገራለሁ» አለ። ከዚያ፣ ቃላት እንዳለቁበት ሰው፣ «ስለ ሒሳቡ ይቅርታ» አለ።

«ሒሳቡንማ ፈተናው ይጠይቅሃል።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ የፊተኛው ክፍል ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ገብቶ ነበር። ነጩ ማሽን በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ ላይ ወጥቷል፤ ይሸጥ ያለ ግን የለም። ጨርቁን አቧራ እንዳይነካው የቆርቆሮው በር ተዘግቷል። ልጅቷ ኮሌታዎቹን በመጠን በመጠን ትለያለች፤ እናቷ ትሰፋለች።

«ደክሞሻል?» አለች እናትየዋ።

«ትንሽ። አንቺስ?»

«እኔማ ለምጄዋለሁ።»

ክሩ አለቀና መኪናዋ ቆመች። እናትየዋ አዲስ ክር ልታስገባ የክሩን ጫፍ ወደ መርፌዋ አቅንታ ያዘች፤ እጇ እዚያው ቆየ። ልጅቷም መለየቷን ተወች። ቤቱ ጸጥ አለ።

ጫጫታው ሸፍኖት የኖረው ነገር አሁን ተሰማ፤ አባቷ የለም።