ስምና ስልክ ብቻ

በደሃና ወረዳ ሰው ሲፈለግ ይጠራል እንጂ ቤቱ ድረስ አይኬድም። አንዱ ቤት በዚህ ሸንተረር፣ ሌላው በማዶ ነው፤ በመካከሉ ገደል አለ። ተጣርቶ ለማሰማት አንድ ትንፋሽ ይበቃል፤ ወርዶ ለመውጣት ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ በሬ ሲጠፋ፣ ሰው ሲሞት፣ የእርዳታ እህል ሲመጣ፣ ድምፅ ያለው ሰው ከአምባው ጫፍ ይቆምና ይጮሃል። የሰማው ለሚቀጥለው ያቀብላል። ብዙ ነፍስ ያተረፈ ልማድ ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ይህን የምጽፈው ይኸው ደግ ልማድ ከማይገባበት ገብቶ ያደረሰውን ጉዳት ለማስረዳት ነው።

በ1997 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በአንዲት የደሃና ቀበሌ ገመድ የሌለው ስልክ ገባ። በፀሐይ ኃይል ይሠራል፤ የተቀመጠውም በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ጠባቂ ምረጡ ሲባል ሕዝቡ ሌላ ሰው አላሰበም። "አያ ጌታሰው!" አለ በአንድ አፍ። ጌታሰው ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ደረቱ ሰፊ ገበሬ ነው። ድምፁ ሦስት ገደል ይሻገራል ይባልለታል።

አያ ጌታሰው ሥራውን ወደደው። ስልኩ ሲጠራ ድምፅ ማጉያውን ይጫናል፤ በረንዳው ላይ ያለ ሁሉ ይሰማል። "የሩቅ ሰው ድምፅ በአንድ ጆሮ አይያዝም" ይላል። መልእክቱን ከተቀበለ በኋላ ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ካለው ድንጋይ ላይ ይወጣና፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ይለቀዋል።

"የቅጣው ቤት! ልጃችሁ ጂዳ ገብቷል! ታሞ ነበር፤ ድኗል!"

"ጥሩሐረግ! ባልሽ ለፋሲካ አልመጣም ብሏል! ምክንያቱን ስመጣ እነግርሻለሁ ይላል!"

በዚህ በሁለተኛው አገሩ ሳምንት ሙሉ ሲሥቅ ከረመ። ጥሩሐረግም አብራ ሣቀች፤ ግን ከዚያ ወዲያ ውኃ ለመቅዳት ስትወርድ ሰው የማይበዛበትን ሰዓት ትመርጥ ጀመር። ይህን ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

በዚያ ዘመን ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ምስራቅ አሥራተ ማርያም የምትባል ጠበቃ ነበረች። አባቷ ቄስ አሥራተ ማርያም የብዙ ሰው የንስሐ አባት ናቸው። ምስራቅ ትንሽ ልጅ ሳለች፣ አንዲት ሴት እያለቀሰች ከቤታቸው ስትወጣ አይታ "አባባ፣ ምን ሆና ነው?" ብላ ጠየቀቻቸው። አባቷም "ገብሱ ዘንድሮ እንዴት ነው፣ ፍሬ ይዟል?" አሏት። ደግማ ጠየቀች፤ እርሳቸውም ስለ ገብሱ ደገሙላት። ለንስሐ አባት የተነገረ ለማንም እንደማይነገር በኋላ ሲገባት ሁለተኛ አልጠየቀችም። ሕግ ተምራ በ1992 ዓ.ም. ወደ ሰቆጣ ተመለሰች፤ የድንበር፣ የፍቺና የውርስ ጉዳይ እየያዘች ስትከራከር ስድስት ዓመት ሊሞላት ነበር።

በ1998 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር፣ አንድ ጧት፣ ወለተ ሰንበት የተባሉ ባልቴት ቢሮዋ ገቡ።

"ልጄ፣ ጠበቃዋ አንቺ ነሽ?"

"ነኝ እናቴ፤ ይቀመጡ። እግርዎ ደምቷል።"

"እግሬን ተይው። ልጄን ዝም ያሰኘብኝን ሰው ልነግርሽ ነው የመጣሁት።"

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባንቺ የምትባል ሴት ልጅ አለቻቸው። በዐሥራ አራት ዓመቷ ምሳው ለሚባል ሰው ተዳረች። ይህም ዳፋው ብዙ ነው፤ ሰውየው ይመታት ነበር። በአራተኛው ዓመት ጠፋችበት። እናቷ የት እንዳለች ሳያውቁ ከከረሙ በኋላ፣ በነሐሴ ወር ባንቺ በቀበሌው ስልክ ደወለች። "ለእናቴ ብቻ ንገሩልኝ፤ ወልድያ ነኝ፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ካለው ልብስ ሰፊ ቤት ሥራ ይዣለሁ" አለች። ስልኩም ተቋረጠ።

አያ ጌታሰው ድንጋዩ ላይ ወጣ።

"ወለተ ሰንበት! ልጅሽ ባንቺ ደህና ነች! ወልድያ ነች! ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ልብስ ሰፊ ቤት! ለእናቴ ብቻ ንገሩልኝ ብላለች!"

ምሳው በማዶው ሸንተረር ላይ አረም ያርም ነበር። በሦስተኛው ቀን ዱላውን ይዞ ወልድያ ተገኘ። ልብስ ሰፊዋ ብርቱ ሴት ስለነበረች በሩን ዘግታ ጮኸች፤ ፖሊስ ደረሰ፤ ሰውየውም በማስጠንቀቂያ ተመለሰ። ባንቺ አልተጎዳችም። ነገር ግን ያን ቤት ለቅቃ ሌላ ሠፈር ገባች፤ ከዚያ ወዲያ አልደወለችም።

"አልሞተችም፤ እሱን አውቃለሁ" አሉ ወለተ ሰንበት። "ሰፊዋ በሹፌር ቃል ልካልኛለች። ልጄ 'በዚያ ስልክ ሁለተኛ አልደውልም' ብላለች አሉ። ይኸው አራት ወር ሆነኝ፣ ድምፅዋን አልሰማሁም።"

"ምን እንዲደረግልዎ ይፈልጋሉ? ሰውየው እንዲከሰስ ነው?"

"ታስሮ ምን ይሠራልኛል? ስልኩም እንዳይነሣ አደራ፤ ልጄ በምን ትደውልልኛለች? እኔ የምፈልገው እንድትደውልልኝ ብቻ ነው።"

ምስራቅ ይህን የመሰለ ጉዳይ ይዛ አታውቅም ነበር። ከጎኗ ቢሮ ያለው ጠበቃ ቢምረው ሰምቶ ሣቀባት። "ሰውየው ምን ሰረቀ? ማንን ሰደበ? 'ጮኸ' ብለሽ ልትከሺው ነው? እንግዲያው ዶሮውንም ክሰሽው! እንኳን ደስ አለሽ፣ የስልክ ጠበቃ!" አላት። እርሷ ግን ሕገ መንግሥቱን አውጥታ ሃያ ስድስተኛውን አንቀጽ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሰው የሚልከው ደብዳቤና በስልክ የሚያደርገው ንግግር አይደፈርም ይላል። ፍርድ ቤት ከመሄዷ በፊት ግን ሕዝቡን ማነጋገር መረጠች፤ ባንቺን የሚያስደውላት የታመነ ጠባቂ እንጂ የታሰረ ጠባቂ አይደለምና።

እስከ ወረዳው ከተማ እስከ አምደ ወርቅ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግሯ ሄደች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ተሰበሰበ። ሸንጎውን የመሩት አባ ገብረ አምላክ የተባሉ ሽማግሌ ነበሩ።

"እኔ ምን አጠፋሁ?" አለ ጌታሰው ተነሥቶ። "ከተነገረኝ አንድ ቃል አልጨመርሁ፣ አንድ ቃል አልቀነስሁ!"

"እውነቱን ነው! ጨው እንኳ ጣል አላደረገበትም!" አለ ደሞዝ የሚባል ጎረቤቱ።

"አያ ጌታሰው፣" አለች ምስራቅ፣ "ልጅቱ 'ለእናቴ ብቻ' ስትል ምን ማለቷ መሰለዎት?"

"እናቷ እንድትሰማ ነዋ! ታዲያ አልሰማችም?"

ሸንጎው በሣቅ ፈረሰ። ምስራቅም ከንፈሯን ነክሳ ሣቋን ዋጠች።

"ደብዳቤ ብትልክስ ኖሮ ከፍተው ያነቡት ነበር?"

"ምነው! የሰው ደብዳቤማ እንዴት እከፍታለሁ?"

"ስልኩም ደብዳቤ ነው። ወረቀት የለውም እንጂ ባለቤት አለው።"

ጌታሰው ሊቀመጥ ዳዳው። ግን ሰዉ ዙሪያውን ስላጉረመረመ ልቡ ተመለሰ። "እኛ እዚህ አገር የምንደብቀው የለንም" አለ ደረቱን ነፍቶ። "ንጹሕ ሰው ምን ይደብቃል? የሚደበቅ የሌባ ነገር ነው!"

"ልክ ነው!" "በል ንገራት!" የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ተሰማ። ምስራቅ ነገሩ ከእጇ እየወጣ መሆኑን አየች። ይህን ጊዜ ወለተ ሰንበት መታገሥ አቃታቸው። ነጠላቸውን አጥብቀው ተነሡ።

"ንጹሕ ሰው አይደብቅም አልህ? የዛሬ ሁለት ዓመት በገበያ ቀን ፊትህን በጋቢ ሸፍነህ ከዚች ልጅ ቢሮ ስትወጣ በዓይኔ በብረቱ አይቼሃለሁ! ምን ልታደርግ ሄደህ ነበር? ጠበቃዋ አለች፣ ትናገር!"

ዓይን ሁሉ ወደ ምስራቅ ዞረ። የጌታሰው ፊት አመድ መሰለ።

ምስራቅ ጉዳዩን አልረሳችውም፤ እያንዳንዱን ቃል ታስታውሰዋለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ብትናገር ይህ ሁሉ ሰው ወደ እርሷ ይገለበጣል፤ ጌታሰውም ዳግመኛ ያን ድንጋይ አይረግጥም። ወለተ ሰንበት በልመና ዓይን ያዩዋታል። አራት ወር የልጃቸውን ድምፅ ያልሰሙ እናት ናቸው። ለእርሳቸው ስትል አፏን ልትከፍት ምንም አልቀራት።

ከዚያ ይዛው የመጣችውን ሕገ መንግሥት ዘጋችው።

"እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቢሮዬ የመጣ ሰው የተናገረው የራሱ ነው። የእርስዎንም ለማንም እንደማልናገር ሁሉ የእርሳቸውንም አልናገርም።"

"እንግዲያው ትሸነፊያለሽ!" አለ ደሞዝ።

"ልሸነፍ" አለች። ወደ ሽማግሌውም ዞር ብላ "አባ ገብረ አምላክ፣ ገብሱ ዘንድሮ እንዴት ነበር? ፍሬ ይዟል?" አለቻቸው።

ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው አዩዋት፤ ቀስ ብሎም ገባቸው። "ደህና ነበር ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ።

ጌታሰው ከቆመበት ሰዉን አቋርጦ ሄደ። ተቆጥቶ ጥሎን ሄደ ብለው አሙት። እርሱ ግን ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ነበር።

"የሰማህ ላልሰማው አሰማ! ከዛሬ ጀምሮ ስልክ ሲመጣ ስም እጠራለሁ! 'ስልክ' እላለሁ! ሌላ ቃል ከአፌ አይወጣም! የቀረውን የደወለና የተደወለለት ይወቁት!"

ሲመለስ ወለተ ሰንበት ፊት ቆመ። "ጠበቃይቱ ልትናገር ነው ብዬ ስጠብቅ ምድር ብትውጠኝ ወደድሁ" አላቸው በዝግታ። "ልጅሽ ያን ቀን ከተዘጋው በር ጀርባ ስትቆም እንዲህ ነበር ለካ የሆነችው። ይቅር በይኝ።"

ወለተ ሰንበትም "ስትደውል ይቅር እልሃለሁ" አሉ።

ምስራቅ የሆነውን ሁሉ ጽፋ፣ ደብዳቤውን አሽጋ፣ በልብስ ሰፊዋ በኩል ለባንቺ ላከች። መልስ አልመጣም። ጥር አለፈ፤ የካቲትም አለፈ።

በመጋቢት ወር ምስራቅ ለአንድ የድንበር ክርክር ወደዚያው ቀበሌ ወጣች። መንገድ የሚያሳያት ደሞዝ ነበር። ዳገቱ መካከል ሲደርሱ ያ ድምፅ ከላይ ተለቀቀ።

"ወለተ ሰንበት! ስልክ!"

ምስራቅ ባለችበት ቆመች። የሚቀጥለውን ጠበቀች። ገደሉ ድምፁን አንድ ጊዜ መለሰው፤ ከዚያ ነፋስ ብቻ ሆነ።

ደሞዝ አልቻለም። "ጌታሰው! ከማን ነው?" ሲል ጮኸ።

"ከስልክ!" አለ ከላይ።

ከወዲህም ከወዲያም ሸንተረር ሰው ሣቀ። ምስራቅ ቀና ስትል ወለተ ሰንበት ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ፣ መንገዱን ትተው በማሳው ውስጥ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲሮጡ አየች። እርሷ ስትደርስ በሩ ተዘግቷል። ጌታሰው ራቅ ብሎ ድንጋዩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። የድምፅ ማጉያውን ቁልፍ በፕላስተር ከለጠፈው ሰንብቷል።

"የማን ድምፅ እንደሆነ አውቄአለሁ" አላት ሳይዞር። "'የት ነሽ?' የምትለዋ ነገር ምላሴ ላይ መጥታ ነበር። ዋጥኋት። 'ከአንድ ሰዓት በኋላ ደውይ፣ እናትሽን እጠራለሁ' ብቻ አልሁ። ደወለች።"

ወለተ ሰንበት ሲወጡ ፊታቸው በእንባ ርሷል፤ ግን ይሥቃሉ። መጀመሪያ ወደ ጌታሰው ሄደው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ወደ ምስራቅ መጡ።

"ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ?"

"የእርስዎ ነው እናቴ፤ እንደወደዱ።"

"እንግዲያው አልነግርሽም!" አሉና አቀፏት። ምስራቅ ከዚያ በፊት ብዙ ክርክር ረትታለች፤ እንደዚያን ቀን ግን ቀልሏት አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ የሥራዋ መንገድ ወደዚሁ ዞረ። ሰቆጣ የእጅ ስልክ ሲገባ፣ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ሲከፈቱ አዲስ ዓይነት ባለጉዳይ ይመጣላት ጀመር። ሳትጠየቅ የሠርግ ፎቶዋ በፎቶ ቤት መስኮት የተሰቀለባት ሙሽራ መጣች። አቤቱታው ከኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ቀርቶ ለባላጋራው የተነበበበት ሰው መጣ። አንዳንዱን ፍርድ ቤት ተከራክራበታለች፤ አንዳንዱንም ጥፋተኛውን አስተምራ ጨርሳለች። ቢምረው ራሱ እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲመጣበት "ወደ ስልክ ጠበቃዋ ሂዱ" ይላል፤ አሁን ግን አይሥቅም።

ወገኖቼ፣ መሣሪያው አዲስ ቢሆንም አደራው የቆየ ነው። ለሌላ ሰው የተነገረ ቃል በእጃችን ሲያልፍ፣ በስልክም ይሁን በኮምፒውተር፣ የእኛ አይደለምና ሳንነካው እናሳልፈው። ክፉ ልብ ባይኖረንም እንኳ ያለቦታው የወጣ ቃል ዱላ ይዞ የሚመጣ ሰው ሊያስነሣ ይችላል።

አያ ጌታሰው ወለተ ሰንበት ባዩት በዚያ የገበያ ቀን ለምን ወደ ምስራቅ ቢሮ እንደሄደ አንባቢ ሳይጓጓ አይቀርም። እኔም ጓጉቼ አንድ ቀን ጠይቄአት ነበር።

ገብሱ ዘንድሮ ጥሩ መሆኑን ነገረችኝ።