ቀለሙን ብቻ ይንገሩኝ

ብርቄ ከመሠረተ ትምህርት ክፍል ተጎትታ የወጣችበትን ቀን አልረሳችም። ባሏ ጋሽ ተድላ ሰው ሁሉ እያየ «ለማን ልትጽፊ ነው?» ብሎ ወደ ቤት ነዳት። ከዚያ ወዲያ «መሃይሟ» ነው የሚላት፤ በአውራ ጣቷ በፈረመች ቁጥር ይስቅባታል።

በ2004 ዓ.ም. ተድላ ቦንጋ ቤቱ ውስጥ አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። ራስጌው ማር የተለወሰበት ማንኪያና ሁለት የሳል መድኃኒት ጠርሙሶች ነበሩ። አንዱ ግን የያዘው የምስጥ መርዝ ነው። ወንድሙ አስፋው ነው ከዋጫ ገበያ ገዝቶ ያመጣው፤ እዚያ ሻጩ በተገኘው ባዶ ጠርሙስ ቀድቶ ይሰጣል። አስፋው ወረቀት ለጥፎ «መርዝ» ብሎ ጽፎበታል።

«ፊደል አልቆጠርኩ፣ በምን ልለየው?» አለች ብርቄ። «በማር ለውሼ አጎረስኩት።»

ሰው አመናት። የታሰረው አስፋው ነው። ከወንድሙ ጋር በቡና መሬት ተጣልተው ስለነበር፣ መርዙን ሆን ብሎ ከመድኃኒቱ አጠገብ አስቀመጠው ተባለ። እሱ ከታሰረ ወዲህ ብርቄ እህል አልወርድ አላት።

ኢንስፔክተር አፀደ ከአስፋው ፊት ተቀመጠች።

«ይቺን ‹መርዝ› ለማን ጻፍካት?»

«ለቤቱ ሰው ነዋ።»

«የወንድምህን ዓይን ሞራ ጋርዶት ነበር፣ አያይም። ሚስቱ መሃይም ናት። ሌላ ሰው እዚያ ቤት የለም። ለምስጡ ነው እንዴ?»

አስፋው አንገቱን ደፋ። «እኔው እንደታሰርኩ ልቅር፤ በቃ።»

አፀደ በቀጥታ ወደ ይዲድያ ሄደች። ይዲድያ ሰው የተጻፈ ቃል ሲያይ አእምሮው ምን እንደሚሠራ የሚያጠና ተመራማሪ ነው። ትናንሽ መብራቶች ያሉት ቆብ ሰው ራስ ላይ ያጠልቃል፤ ብርሃኑ በራስ ቅል ገብቶ ሲመለስ ደም የት እንደበረታ ያሳያል። ብርቄም ባሏ ከመሞቱ በፊት ከማያነቡት ወገን ሆና በጥናቱ ገብታ ነበር።

«እሷማ ግራ አጋብታኛለች» አለ። «ቃል ስናሳያት የአንጎሏ ግራ በኩል እንደ አንባቢ ይነቃል። ግን በአንድ ሰው አይፈረድበትም፤ እኛ የምናምነው የብዙ ሰው ውጤት ሲደመር ነው።»

«አልፈርድም። ማንበብ የለመደ ሰው ቃል አይቶ ላለማንበብ ይችላል?»

«ካየው አነበበው።»

በማግስቱ አፀደ ሁሉንም ተድላ ቤት ሰበሰበች። አስፋው በካቴና መጣ። በቀለም የተጻፉ ካርዶችን መጀመሪያ ለጎረቤቲቱ ለእትዬ የሻረግ አሳየች፤ እሷም ፊደል አልቆጠረችም።

«አረንጓዴ! ቀይ! ቢጫ! ምነው፣ ሕፃን መሰልኩሽ?»

«አሁን እርስዎ፣ እትዬ ብርቄ። ጽሑፉን ይተዉት፣ ቀለሙን ብቻ ይንገሩኝ።»

«ቀ... አረንጓዴ።» ቀጣዩ መጣ። «ቢ... ቀይ።» ግንባሯን ላብ አጠመቀው።

«በአረንጓዴ የተጻፈው ቃል ‹ቀይ› ነው፤ በቀይ የተጻፈው ‹ቢጫ›» አለች አፀደ። «የማያነብ ቀለሙን ብቻ ያያል። የሚያነብን ሰው ቃሉ ይቀድመዋል። አስፋው ‹መርዝ› ያለው ለእርስዎ ነው። ማንበብዎን የሚያውቀው ራሱ ስላስተማረዎት ነው። ይህን ከተናገረ እርስዎን ማሳሰሩ ሆነበትና ዝም አለ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ካርድ ለፍርድ ቤት አይበቃም፤ አውቃለሁ። አላነብም ካሉ እዚሁ ቤትዎ ይቀራሉ። እሱ ግን ወደ እስር ቤት ይመለሳል።»

ብርቄ ካቴናውን አየች። የያዘው ከጓሮው የንብ ቀፎ ጀርባ በከሰል ‹ሀ› ብሎ ያስጀመራትን እጅ ነው።

አፀደ ያመጣችውን የመርዝ ጠርሙስ አንስታ ወረቀቱን ወደ ሰዎቹ አዞረች።

«መርዝ ይላል» አለች። «አንብቤ ነው ያጎረስኩት። ልጁን ፍቱት።»

እትዬ የሻረግ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ቃሏ ከተጻፈ በኋላ ፖሊሱ እንደ ልማዱ የጣት ቀለሙን አቀረበላት። ብርቄ በክንዷ ገፋ አደረገችው።

«እስክሪብቶ ስጠኝ» አለችና ስሟን ጻፈች።