የሰሊማ ስም የተጻፈበት ዕቃ

«አካም ቡልቴ?» አለ ቶፊቅ፣ የላቦራቶሪው ባለሙያ፣ በመስኮቱ አጎንብሶ።

ዙቤይዳ «ደህና» ብላ ክዳኑ ጥርቅም ያለውን ትንሽ ዕቃ አቀበለችው። ላዩ ላይ «ሰሊማ እንድሪስ» ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ ያለው አክታ ግን የእህቷ የሰሊማ አይደለም፤ የራሷ የዙቤይዳ ነው። ጠዋት ጓሮ ቆማ፣ ጉሮሮዋ እስኪላጥ ስላ ያወጣችው።

«ራሷ ለምን አልመጣችም?»

«ሙሽራ ናት፣ አያ ቶፊቅ። ለኒካዋ ሦስት ሳምንት ነው የቀራት።»

«እንኳን ደስ አላችሁ» አለና ተቀበላት። ሙሽራ ከቤት አትወጣም፤ ከሚሴ ውስጥ ይህ ከተባለ በኋላ ሌላ ጥያቄ የሚጨምር የለም። ሰሊማም ይህን አሳምራ ታውቃለች።

ነገሩን የጠነሰሰችው እሷው ናት። ወር ሙሉ ስትስል የሰማች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ «የጠዋቷን አክታ ላኪ» ብላ ዕቃውን ሰጥታት ስትወጣ፣ ሰሊማ በሩን ዘግታ ዙቤይዳን እጇን ያዘቻት። «ቲቢ አለባት ከተባለ ሳይመሽ የሙሽራው አገር ሰንበቴ ድረስ ይሰማል። የልጁ ቤተሰቦች ይቀሩብኛል። አንቺ ትፊልኝ። ሠርጉ ይለፍ እንጂ መድኃኒቱን እውጣለሁ፣ ወላሂ።» ዙቤይዳ እህቷን ትወዳታለች። ምን ትበል? ተፋችላት።

«በይ ቁጭ በይ፣ ትንሽ ይቆያል» አለ ቶፊቅ። ከዚያ አተኩሮ አያት። «ለሳይንስ ቀን ትምህርት ቤታችሁ ስመጣ በጥያቄ ያደረቅሽኝ ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

እሷው ናት። ከዘጠነኛ ክፍል፣ ባዮሎጂ ሲሆን እጇ የማይወርድ ልጅ ብትኖር ዙቤይዳ ናት። ሌላ ቀን ቢሆን ላቦራቶሪ ደጃፍ በመቀመጧ ብቻ ለጓደኞቿ ስትጎርር በሰነበተች። ዛሬ ግን መሬት ብትውጣት ደስ ባላት።

ቶፊቅ ጭንብሉን አጥልቆ አክታው ላይ ፈሳሽ ጨመረበት፤ ነቀነቀው፤ ጥቂት ጠብቆ ካርትሪጅ በሚሏት የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርጎ ማሽኑ ውስጥ ከተታት። ከዚያ እጁን ታጥቦ ወደ መስኮቱ ተመለሰ።

«ድሮ በማይክሮስኮፕ ብቻ ነበር የምንፈልገው። ጀርሙ ጥቂት ከሆነ ያመልጠናል። ይሄ ማሽን ግን ጀርሙን ሰብሮ ዲኤንኤውን ያወጣል። ከዚያ ቲቢ ላይ ብቻ የምትገኘዋን ቁራጭ ያባዛታል፤ አንዷን ሁለት፣ ሁለቱን አራት፣ አራቱን ስምንት እያለ፣ እስክትታይ ድረስ። ዋናው መድኃኒት ጀርሙን ይገድለው እንደሆነም ይነግረናል።»

«የታመመ ሰው ሕክምናውን ሦስት ሳምንት ቢያዘገየውስ?» አለች ዙቤይዳ፣ ለትምህርት የምትጠይቅ ለመምሰል እየሞከረች።

«ለራሱ ይብስበታል። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ነው። ሕፃን ቶሎ ይጎዳል።»

ሙጂብ ትዝ አላት። የወንድማቸው ልጅ፣ ገና ስምንት ወሩ ነው። የሚተኛው ሰሊማ ደረት ላይ ተለጥፎ ነው፤ ሌላ ሰው ካቀፈው ቤቱን ቀውጢ ያደርገዋል። ይህን እንዴት ሳታስበው ቀረች? አስባዋለች እንጂ። እያወቀች ነው የተፋችው። በራሷ ተናደደች።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ቶፊቅ ወረቀት ይዞ ብቅ አለ። «ቲቢ አልተገኘም። በይ አልሐምዱሊላህ በይና ሙሽራዋን አብስሪያት።»

ወረቀቱን ተቀብላ እስከ ግቢው በር ሄደች። ይዛው ቤት ብትገባ ሰው ሁሉ ይደሰታል፤ የሚጠይቃትም የለም። በሩ ጋ ቆማ አመነታች። ከዚያ ተመለሰች።

«አያ ቶፊቅ፣ አክታው የእኔ ነው።»

«ምን?»

«የሰሊማ አይደለም። እኔ ነኝ የተፋሁት።»

ቶፊቅ ወረቀቱን ከእጇ ወስዶ በእስክሪብቶ ሰረዘበት። «ይቺን ካርትሪጅ ስንት ሰው እንደሚጠብቃት ታውቂያለሽ? ካንቺ አልጠበቅሁም።»

ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ፣ እንባዋም መጣ። ቢሆንም ንቅንቅ አላለችም። «ነገ የራሷን አመጣለሁ።»

«አታመጪም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ራሷ ትምጣና እዚህ ትትፋ።»

«ሙሽራ እኮ ናት።»

«ሙሽራም ትታመማለች። ከእኔ አፍ እንደማይወጣ ንገሪያት።»

ቤት ስትደርስ ሰሊማ ጓዳ ውስጥ ሙጂብን አቅፋ ተቀምጣለች። «ምን አለ?»

ዙቤይዳ መጀመሪያ ልጁን ከእቅፏ ወሰደች። ወዲያው ጩኸቱን ለቀቀው። «ጨሊሲ፣ ጨሊሲ» እያለች ጀርባውን መታ መታ እያደረገች መስኮቱን ከፈተች። «ነገርኩት። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት አብረን እንሄዳለን።»

«ጉድ ሠራሽኝ፣ ዙቤይዳ። እህቴ ነሽ ብዬ...» ሳሉ አቋረጣት። ትንፋሿ እስኪቆራረጥ ሳለች። «ሰው ቢያየኝስ?»

«ተሸፈኚ። እኔም እሸፈናለሁ። ሁለት ሙሽራ ይበሉን።»

ሰሊማ አልሳቀችም። «ሰንበቴ ቢሰማስ?»

«ሊሰማ ይችላል» አለች ዙቤይዳ። ልትዋሻት አልፈለገችም። «እኔ ግን ሁለተኛ አልተፋልሽም።»

ሰሊማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዙቤይዳ የሚያለቅሰውን ልጅ ትከሻዋ ላይ አድርጋ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ሙጂብ ደክሞት እንቅልፍ ወሰደው።

«ስንት ሰዓት ነው ያልሽው?» አለች ሰሊማ፣ ሳትዞር።

«ሁለት ሰዓት።»