ያልተላለፈው ኳኳታ

ዜና አንባቢው ሲሞት አገር ምድሩ አየው።

እሑድ ጠዋት አራት ሰዓት ነበር። ኢንስፔክተሯም እንደ ሰው ሁሉ ቤቷ ተቀምጣ ከእናቷ ጋር ቴሌቪዥን ታያለች። ጣቢያው የመጀመሪያውን የቀጥታ ስርጭት ሃያ አምስተኛ ዓመት የሚያከብርበት ቀን ነው። ያን ስርጭት የማያውቅ የለም። የማዕድን ጉድጓድ ተደርምሶ፣ ካሜራ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስቱዲዮ ወጥቶ፣ አሥራ አንድ ሰዎች አንድ በአንድ ከመሬት ሆድ ሲወጡ ሕዝብ በየቤቱ እያለቀሰ ያየበት ነው። መጨረሻ ላይ ይኸው ዜና አንባቢ «በሕይወት ያለ ሁሉ ወጥቷል!» አለ፤ ያቺን ቃል ሕፃን ሳይቀር ያውቃታል።

«ምነው ዛሬ ፊቱ ጠቆረ?» አሉ እናቷ።

እውነትም ክራባቱ አልተዛነፈም፣ ሽበቱም ተበጥሯል፤ ፊቱ ግን የለቅሶ ቤት ፊት ነበር። ሙዚቃው ሲያልቅ ወረቀቶቹን አስተካከለ።

«ውድ ተመልካቾቻችን፣ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት አንድ ነገር ነግሬአችሁ ነበር።»

ጉሮሮው ደረቀ መሰል ቀኝ እጁን ዘረጋ። እጁ ከስክሪኑ ወጣና ብርጭቆ ይዞ ተመለሰ። ተጎነጨ። «ዛሬ ደግሞ...» ብሎ ሳይጨርስ ክራባቱን ጨመደደና በወረቀቶቹ ላይ ተደፋ።

እናቷ «ኡኡ!» አሉ። ወዲያው የአበባ ምስልና ሙዚቃ መጣ። ኢንስፔክተሯ ስልኩ እስኪጮህ አልጠበቀችም፤ ጫማዋን እየፈለገች ነበር።

ሐኪሙ ብርጭቆውን አሽትቶ ብዙ አልተከራከረም። መርዝ ነው፤ በጣቢያው የፊልም ማጠቢያ ክፍል ከሚገኘው ዓይነት። የክፍሉ ቁልፍ ደግሞ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል፣ የፈለገ ያነሳዋል። ኢንስፔክተሯ ከሁሉ አስቀድማ የፕሮግራሙን ካሴት አስወጣች፣ በወረቀት ጠቅልላ አሸገችና ለሃምሳ አለቃው ሰጠችው።

«ይህን ማንም እንዳያይ። አንተም ብትሆን።»

አዛዡ በስልክ ያሉት አጭር ነበር። «አገር በሙሉ በዓይኑ ያየው ሞት ነው። የአሥራ ሁለት ሰዓቱ ዜና ሳይጀምር ሰው መያዝ አለበት። ውሃውን ያቀረበችው ሜካፕ ሠራተኛ እኮ እዚያው ናት!»

ነበረች። የራሷ መስታወት ፊት፣ ሰው በምትቀባበት ወንበር ላይ ራሷ ተቀምጣለች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ እጇ ላይ የብር አምባር አለ። ያን ቀን ጉድጓዱ ውስጥ የገቡት አሥራ ሁለት ነበሩ። ያልወጣው አሥራ ሁለተኛው አባቷ ነው፤ ድንጋይ ወዲያው ገደለው ተባለ፣ እዚያው ቀረ። እሷን ያስተማራትም ሥራ ያስገባትም ዜና አንባቢው ነበር።

«ውሃውን ማን ቀዳው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«እኔ፣ እንደ ሁልጊዜው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እቀዳና በሳህን ከድኜ ኮሪደሩ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ጉሮሮውን ስለሚዘጋው ቆየት እንዲል ነው። ፊቱን ስጨርስ ይዤ እገባለሁ።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ሁሉም። የጣቢያው ድመት ሳትቀር።»

«ዛሬስ?»

ልጅቷ አምባሯን ታዞር ጀመር። «ዛሬ ዘገየሁ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቅስ ነበር። ስመለስ ቀዩ መብራት በርቷል፣ ሙዚቃው ይሄዳል። በጉልበቴ እየዳህኩ ሄጄ በጠረጴዛው ጎን ብርጭቆውን አስጠጋሁለት።»

«ምን አስለቀሰሽ?»

«ፊቱን ስቀባው ነገረኝ። ‹አባትሽ ያን ቀን አልሞተም ነበር። ከታች ያንኳኳ ነበር፣ እኛ ነን ትተነው የሄድነው። ዛሬ ለሕዝቡ እናገራለሁ፣ መጀመሪያ ግን አንቺ ስሚ› አለኝ።»

«አንቺስ?»

«ዱቄቱን ቀባሁት። ልዋሽዎት አልችልም፣ ሙት ብዬ ተመኘሁ። ኋላ ውሃው ትዝ አለኝና ሮጥኩ።» እጆቿን አየች። «ውሃ ጠምቶት ሳይናገር እንዳይቀር ፈርቼ እኮ ነው የሮጥኩት! በእጄ ገደልኩት ማለት ነው?»

ኢንስፔክተሯ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ነፍሰ ገዳይ ቢሆን ይህን ነገር ውጦ ይቀመጣል እንጂ እንዲህ አውጥቶ በአንገቱ ላይ ገመድ አያጠልቅም። አዛዡ ግን ይህን ቢሰሙ የእምነት ቃል ነው ብለው ነበር የሚያስፈርሟት።

ከዚያ «ጆሮ» የሚሏቸውን ሽማግሌ የድምፅ ባለሙያ አስጠራች። በዋዜማው ከሟች ጋር ሥራ አስኪያጁ ቢሮ አጠገብ ሲጯጯሁ ተሰምተዋል።

«ጋሼ፣ በምን ተጣላችሁ?»

«ብቻህን አትናገር፣ እኔም አጠገብህ ልቀመጥ አልኩት። እምቢ አለኝ። ጥፋቱ የምላሴ ነው አለ። የጆሮዬንስ ማን ይሸከምልኝ?»

«ምን ሰምተው ነበር?»

ሽማግሌው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ፣ አሁንም ማዳመጫው ያለ ይመስል። «ማይክሮፎን በገመድ አስሬ ወደ ጉድጓዱ አውርጄ ነበር። አሥራ አንደኛው ከወጣ በኋላ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ። ዝም ይላል፣ ደግሞ ሦስት ጊዜ። ለስርጭቱ አዘጋጅ ነገርኩት። ‹አልቋል ብለናል፣ ሚኒስትሩም እንኳን ደስ ያላችሁ ብለዋል። ድንጋይ ነው የሚንኮሻኮሸው፣ ዝጋው› አለኝ። ዘጋሁት። ቆፋሪዎቹም አለቀ ሲባል ዕቃቸውን ሰበሰቡ። ለዜና አንባቢው የነገርኩት በሳምንቱ ነው።»

«አዘጋጁ ማን ነበር?»

«የዛሬው ሥራ አስኪያጃችን ነዋ!»

«እርስዎስ ይህን ሁሉ ዓመት?»

«ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። እኔ፣ ጆሮ የምባለው ሰውዬ።» ሳቅ መሰል ነገር ከጉሮሯቸው ወጣ፣ ወዲያው ግን ፊታቸውን ሸፈኑ። ጠዋት ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ከሦስት ባልደረቦቻቸው ጋር መቆጣጠሪያ ክፍል ነበሩ፤ ሦስቱም ይመሰክሩላቸዋል።

ሥራ አስኪያጁ በቢሮው ያለቅስ ነበር። መሀረቡ ግን እንደተተኮሰ ነው፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልተዘረጋም።

«በሰዓቱ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ባለቤቴ እህቷ ጋ ሄዳ ብቻዬን ነበርኩ። ሶፋዬ ላይ ሆኜ፣ እንደ ማንኛውም ተመልካች ነው ያየሁት።» ወደ እሷ ጠጋ አለ። «ሐሜት አይሁንብኝና አንድ ነገር ልንገርዎት። ሙዚቃው እየሄደ አንዲት እጅ ከጎን ገብታ ብርጭቆ አኖረች። አምባር ያለባት እጅ። የልጅቷ ናት።»

«ሰው ነግሮዎት ነው?»

«ምን በወጣኝ! በዓይኔ በብረቱ፣ እዚያው ሶፋዬ ላይ። ይጻፉት።»

ሃምሳ አለቃው ጻፈ።

«ሟች ስለ ጉድጓዱ ሊናገር ያሰበው ነገር እንደነበረ ያውቃሉ?»

«ምኑን? ስንቴ የተነገረ ታሪክ ነው እኮ» አለ፤ መሀረቡም ወደ ኪስ ገባ።

ኢንስፔክተሯ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው። አዛዡ ሁለት ጊዜ ደውለዋል፣ ልጅቷም ደጇ ላይ ፖሊስ ቆሞ ተዘግቶባታል። የሆነ ነገር ግን አልዋጥ ብሏታል። እሷም እኮ ስታይ ነበር! ዓይኗም እንደዋዛ የሚያልፍ ዓይን አይደለም። ቤት ደወለች።

«እማዬ፣ ሙዚቃው ሲሄድ ብርጭቆ የሚያስቀምጥ እጅ አይተሻል?»

«የምን እጅ? ብርጭቆም አላየሁ። የራሱ እጅ ወጥቶ ከየትም አምጥቶ ጠጣ እንጂ።»

ሰውየው ዋሸ እንዳትል፣ ያየው ነገር ልክ ልጅቷ የተናገረችው ነው፤ አምባሩ ሳይቀር። እውነቱን ነው እንዳትል፣ እሷና እናቷ አላዩም። ሳታስበው ቀና አለች። ከመደርደሪያው በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ አንዲት ትንሽ የስቱዲዮ ስክሪን ተሰቅላለች። የአበባውን ምስል እያሳየች ነበር፤ ቤት ሳለች ያየችው የአበባ ማስቀመጫ አፍ ብቻ ነበር፣ እዚህ ግን እግሩም አለ።

«ሃምሳ አለቃ! እቤቴ ብረርና ቴሌቪዥኔን ተሸክመህ ና።»

«ቴሌቪዥን?»

«እናቴ አልሰጥም ካሉ እሳቸውንም አምጣቸው!»

ለአሥራ ሁለት ሃያ ጉዳይ ላይ ሁሉም ስቱዲዮ ገቡ። ሥራ አስኪያጁ ቆሞ ነው፣ ጆሮ ቦርሳቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል፣ ልጅቷ በሁለት ፖሊሶች መሀል ናት። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሠራተኞች ከኋላ ቆመዋል። ከኮሪደሩ የተነቀለችው ስክሪንና የኢንስፔክተሯ አሮጌ ቴሌቪዥን ጎን ለጎን ተደርድረዋል። እሽጉን በሰው ሁሉ ፊት ቀደደችና ካሴቱ ተጫወተ።

በኮሪደሩ ስክሪን ላይ አምባር ያለባት እጅ ከጠርዝ ገባች፣ ብርጭቆ አኑራ ወጣች። በቤት ቴሌቪዥኑ ላይ ዜና አንባቢው ብቻውን ተቀምጧል። እጅም ብርጭቆም የለም።

«ጋሼ፣ ያስረዱን» አለች።

«የቤት ቴሌቪዥን ዳር ዳሩን ይበላዋል» አሉ ጆሮ። «የምስሉ ጠርዝ ከሳጥኑ ክፈፍ ሥር ይቀራል። ብርጭቆው ሁሌ እዚያ የሚቀመጠውም ተመልካች እንዳያየው ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «ምናልባት... ሰው ነግሮኝ ይሆናል።»

«ሃምሳ አለቃ፣ አንብብለት።»

«‹በዓይኔ በብረቱ፣ እዚያው ሶፋዬ ላይ›» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ካሴቱን ማንም አላየውም፣ እሽጉ አሁን ነው የተቀደደው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሙሉውን ምስል የሚያሳይ ስክሪን ያለው በሁለት ቦታ ነው። አንዱ መቆጣጠሪያ ክፍል ነው፤ እዚያ የነበሩት አራት ሰዎች እርስዎ አልነበሩም ይላሉ። የቀረው ኮሪደሩ ነው፣ ከውሃው መደርደሪያ በላይ። ምን አስቆመዎት? ልጅቷ ዘገየቻ! ትናንት የሁለቱን ጩኸት ሰምተው መርዙን ጨምረዋል፣ ብርጭቆው ግን ሳህኑን እንደደፋ ቁጭ ብሏል። ካልተወሰደ ሰውየው ይናገራል። ተደብቀው ጠበቁ፣ መጥታ ወሰደች። ከዚያ መድረሱን ለማረጋገጥ ወደ ስክሪኑ አንጋጠጡ።» ወደ እሱ ተራመደች። «ይህን ሁሉ ዓመት ሕዝቡ ምን እንደሚያይ ሲወስኑ ኖሩ። ሕዝቡ የሚያየውን ግን አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብለው አላዩም።»

ሰውየው ወደ ኋላ ሸሸ። ካሜራውን ተደገፈ።

«ያቺ ቀን እኮ የእኔ ብቻ አይደለችም!» ብሎ ጮኸ። «የአገር ናት! ሰው ለልጁ የሚነግራት ደስታ ናት! ለማን ብሎ ነው የሚያፈርሳት? ጉድጓድ ውስጥ የቀረው ሰውዬ እንደሆነ ሞቷል!»

ልጅቷ አላየችውም። ፊቷን ወደ ሽማግሌው አዞረች። «ጋሼ፣ ስንት ሰዓት አንኳኳ?»

ሽማግሌው ቦርሳቸውን ጠበቅ አድርገው አቀፉ።

«እስክዘጋው ድረስ ነው የሰማሁት፣ ልጄ» አሉ ጆሮ። «ከዚያ ወዲያ አላውቅም። በየሌሊቱ ይህንኑ ራሴን እንደጠየቅሁ ነው።»

ሥራ አስኪያጁን በካቴና ሲያወጡት የአዛዡ ስልክ ይጮህ ነበር። ያነሳው የለም። የልጅቷ ጠባቂዎች እጃቸውን ከክንዷ ላይ አነሱ፣ እሷ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሞላ፤ የሚያነበው ሰው የሞተበት ዜና ነው። ጆሮ ከቦርሳቸው አንድ አሮጌ ቴፕ አወጡ። ጠዋት ጓደኛቸው እሺ ቢላቸው ብለው ይዘውት የመጡት ነው። ቴፑን ለባልደረቦቻቸው ሰጥተው የሟች ወንበር ላይ ተቀመጡ። ማን ፈቀደ? ማንም። መቆጣጠሪያ ክፍል ያሉት ተያዩና ቀዩን መብራት አበሩ።

«ከሃያ አምስት ዓመት በፊት አልቋል ብለናችሁ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «አላለቀም ነበር። ስሙት።»

ሹክሹክታ የመሰለ የመሬት ድምፅ መጣ። ከዚያ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ዝም። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። በመሀል ከጉድጓዱ አፍ የያኔው ወጣት አዘጋጅ ድምፅ «ዝጋው» አለና ተቆረጠ።

ልጅቷ በጉልበቷ ወደ ጠረጴዛው ጎን ዳኸች። ጠዋት ብርጭቆውን ያኖረችበት ጠርዝ ላይ እጇን አነሳችና በዝግታ፣ ሦስት ጊዜ፣ አንኳኳች።

ኢንስፔክተሯ ወደ ራሷ ቴሌቪዥን ዞረች። እዚያ ላይ የሚታየው አንገቱን የደፋ ሽማግሌ ብቻ ነው። የልጅቷን እጅ ማንም ቤቱ ያለ ሰው አላየም፤ ኳኳታዋን ግን ሁሉም ሰማ።