ሚጡ ኪስ ውስጥ የተገኘው ወረቀት

ልጅቷ ሞታ የተገኘችው ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ጀርባ፣ ሲሚንቶው ላይ ነው። ከሰገነቱ የወደቀችው ጠዋት፣ ደወሉ ከመደወሉ ሃያ ደቂቃ ቀደም ብሎ ነበር። ዕድሜዋ አሥራ ሰባት ነው፤ አጭር ስለሆነች ሁሉም ሚጡ ይሏታል። የደንብ ልብሷ ኪስ ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት ተገኘ፦ «ጠዋት ሰገነቱ ላይ እጠብቅሃለሁ። ሳትሰማኝ እንዳትፈርድብኝ። ብቻህን ና።»

በማግስቱ መርማሪዋ ስትደርስ ሳጅኑ ነገሩን ጨርሶ ነበር።

«የሚጣራ ነገር የለም» አላት ፋይሉን እየገፋላት። «ወረቀቱን የጻፈችው ሟቿ ናት፤ ጽሕፈቷን ጓደኛዋ አረጋግጣልናለች። የተጻፈው ለወንድ ነው። ሬሳው አጠገብ ሸሚዙ በደም ተነክሮ የተገኘውም የክፍሏ ልጅ ነው። ከሰዓት በኋላ ክስ እንመሠርትበታለን።»

«አንተ መቼም መጣደፍ ታውቅበታለህ። ወረቀቱን እናቷ አይታዋለች?»

«ምን ያደርግላታል? አልቅሳ ታስለቅሰናለች እንጂ።»

መርማሪዋ የተጣደፈ ፋይል ስታይ ያማታል። ፋይሉን ይዛ ወደ እስረኛው ገባች።

ልጁን ጠረጴዛ በጣቱ እየደበደበ ስለሚውል ከበሮ ይሉታል። ዛሬ ጣቶቹ ዝም ብለዋል።

«ትወዳት ነበር?»

«ሦስት ደብዳቤ ጽፌላታለሁ። የላክሁት በሎጋ በኩል ነው፤ በልብ ጓደኛዋ። ሎጋ ‹አንብባ ሳቀችብህ› አለችኝ። ከትናንት በስቲያ ግን አላስችል ብሎኝ ራሷን ሚጡን ጠየቅኋት። አንዱም አልደረሳትም። ለእሷ ደግሞ ‹ድንክ እያለ ይሰድብሻል› ተብሎ ተነግሯታል።»

«ሰገነቱ ላይስ ምን ወሰደህ?»

«አልወጣሁም። ስትወድቅ ድምፅ ሰምቼ ሮጥኩ፤ አቀፍኳት። ወንጀሌ ይኸው ነው። ካላመኑኝ ደግሞ እንደሳጅንዎ ያድርጉ።»

የትምህርት ቤቱ ዘበኛም ከዚህ የተሻለ ፊት አላሳዩአትም። «የሰገነቱን በር በየጠዋቱ እዚያ ላይ ያለውን ችግኝ ለሚያጠጡ ተማሪዎች እከፍታለሁ። ማን ወጣ፣ ማን ወረደ ብዬ አልቆጥርም። ጥፋቱን እኔ ላይ ልትደፈድፉት ከሆነ ከወዲሁ ንገሩኝ።»

የሚጡ እናት ልብስ ሰፊ ናት። ሎጋ፣ ከራሷ ቤት ይልቅ እዚህ ያደገችው ረጅሟ ልጅ፣ የስፌት መኪናው ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች።

«ያን ልጅ ለአምስት ደቂቃ ለእኔ ልቀቁልኝ» አለች እናት። «ከዚያ በኋላ ክስም ፍርድም አያስፈልጋችሁም።»

«ራሷ ጽፋ ጠራችው፤ ገደላት» አለች ሎጋ ሳትጠየቅ።

«ጽሕፈቷን በምን ለየሽው?»

«ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነን። የቤት ሥራዋን እንኳ ስጽፍላት አስተማሪ አይለይም ነበር» አለችና ከንፈሯን ነከሰች።

እናት ብርጭቆ አቀበለቻት። «አንተ፣ ይሄን ውሃ ጠጣ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስክም።»

መርማሪዋ ቀና አለች። «አንተ ነው የሚሏት?»

«ሁለቱንም እንዲሁ እያልኩ ነው ያሳደግኋቸው። እነሱም እርስ በርሳቸው ያው ናቸው። አንቺ የምላቸው ስቆጣ ብቻ ነው።»

መርማሪዋ አመስግና ወጣች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ከበሮ እጁ በካቴና ታስሮ ቀረበ፤ እናት እንዳታየው ወንበሯን አዞረች።

«ሳጅን፣ ሚጡ ይህን ወረቀት ለልጁ ሰጥታው ከሆነ የት መገኘት ነበረበት?»

«እሱ ጋ።»

«ካልሰጠችውስ ሰገነቱ ላይ እንደምትጠብቀው በምን አወቀ?»

ሳጅኑ አንገቱን አከከ። «መልሶላት ቢሆንስ?»

«ሊገድል የመጣ ሰው መጥሪያውን ሟች ኪስ ውስጥ ትቶ አይሄድም። ወረቀቱ የተገኘው የተጻፈላት ልጅ ኪስ ውስጥ ነው። የተጻፈው ለሚጡ ነው።»

«‹እጠብቅሃለሁ› እኮ ነው የሚለው!»

«አንተ ለሚስትህ ስትጽፍ ምን እንደምትል አላውቅም። እዚያ ቤት ግን የሚወዱትን ሰው አንተ ነው የሚሉት።»

እናት ወንበሯን ቀስ ብላ መለሰች።

«‹ሳትሰማኝ እንዳትፈርድብኝ› ብሎ የሚጽፈው ጥፋቱን የሚያውቅ ሰው ነው» አለች መርማሪዋ። «ሦስት ደብዳቤ የደበቀ፣ ከዚህም ከዚያም ውሸት ሲያመላልስ የከረመ ሰው። ጽሕፈቱም ከሚጡ ጽሕፈት አይለይም። ሎጋ፣ ሳጅኑ ወረቀቱን ያሳየው ለአንቺ ብቻ ነው። የገዛ እጅሽን ጽሕፈት የሟች ነው አልሽው። እናቷ ብታየው ኖሮ ገና ከመጀመሪያው መስመር ይገባት ነበር።»

«ቀድሜ የወደድኩት እኔ ነኝ» አለች ሎጋ ከበሮን በጥላቻ እያየች። ከዚያ ወደ እናት ዞረች። «ልገፋው አልነበረም። ይቅር በለኝ አልኩት። ‹ሁለተኛ እንዳላይሽ› አለኝ። አንቺ አለኝ። በሕይወቱ እንዲያ ብሎኝ አያውቅም። እጁን ስይዘው ነጠቀኝ፤ ተናደድኩና ገፋሁት።»

ስለ ሚጡ እንደምታወራ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። ሳጅኑ የከበሮን ካቴና ፈታ። ልጁ ማንንም ሳያመሰግን በሩን ከፍቶ ወጣ።

ሎጋ ተንበርክካ የእናትን ቀሚስ ያዘች። «እማዬ፣ እኔም እኮ ልጅሽ ነኝ።»

እናት የልጅቷን አናት ቁልቁል አየች። እጇ ሊዳስሳት ተዘረጋ፤ ከዚያ ተመለሰ።

«ተነሺ» አለቻት።

ሎጋ ቀሚሱን ለቀቀች። ተነሥታ ሳጅኑን ተከተለች።