የአውጫጭኙ ወፍ

በ፲፱፻፲፯ ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ሃያ ቀን፣ ከቢቸና በታች ባለው ሜዳ ላይ የአገሩ አባወራ ሁሉ በእሾህ አጥር ታግዶ ሦስተኛ ቀኑን ያዘ፤ የጭቃ ሹሙ የጤፍ ክምር ተቃጥሎ ነበርና፣ ያቃጠለው እስኪታወቅ ድረስ ውሃ ልቅዳ፣ ልጄን ልይ ብሎ መውጣት አልነበረም። ይህ ሥርዓት አውጫጭኝ ይባል ነበር።

ውበቴ ባሏ የሞተባት ባለ ርስት ስለ ሆነች እንደ አባወራ ተቆጥራ ታግዳለች። የሟች ልጇ ልጅ፣ የአራት ዓመቷ ብሩክታይት፣ በትኩሳት እየነደደች፣ ከጎረቤት በራቀው ቤት ቀርታለች። ብቻዋን! ልጅ ያሳደገ ሰው ይፍረድ፤ ውሃ የሚያቀምሳት እንኳ አልነበረም።

«አባቴ፣ ለአንድ አፍታ ይልቀቁኝ፤ አይቻት እመለሳለሁ» አለችው፣ ቃል ተቀባዩን ሽማግሌ ገብረ ኪዳንን።

«አንቺን ብለቅ ማን ልጅ የሌለው አለ? ወፍ የነገረችሽ ካለ ንገሪኝ፤ ዛሬውኑ ሁላችንም ቤታችን እንገባለን።»

ወፍ የሚሉት በምስጢር የሚጠቁመውን ሰው ነበር፤ ጠቋሚው «ወፍ ነገረችኝ» ይላል፤ ሽማግሌውም ማንነቱን ላይገልጥ ምሎ ቃሉን ብቻ ለዳኛ ያደርሳል።

ውበቴ አሰበች። የቅኔ ተማሪው ዘመነ በእሳቱ ማግስት ወደ ሞጣ ሄዷል፤ የሚወረስ ርስት የለው፣ የሚነዳ ከብት የለው፤ ምን ይወስዱበታል? ንጹሕ መሆኑን ከእርሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ክምሩ በተቃጠለበት ምሽት ከብሩክታይት ራስጌ ተቀምጦ ዳዊት ሲደግምላት አምሽቷልና።

«ወፍ ዘመነ ነው አለችኝ» ብላ በሽማግሌው ጆሮ ተናገረች።

አጥሩ ተከፈተ፤ እርሷም ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ ሳታነሣው ሮጠች። ልጅቱ በሕይወት ነበረች።

ነገር ግን የዚያ ዘመን ፍርድ ንብረት ያለውን በንብረቱ፣ የሌለውን በገላው ያስከፍል ነበር፤ ምስኪኗ ውበቴ ይህን ሳታስበው ቀረች። በስምንተኛው ቀን ዘመነን የፊጥኝ አስረው፣ ከበቅሎ ኋላ እያስሮጡ ከሞጣ አመጡት፤ በገበያ ቀን፣ ከእህል ተራው አጠገብ፣ ቀኛዝማች ሣህለ ማርያም ለፍርድ ተሰየሙ።

«ስድሳ ጅራፍ። የምትለው አለህ?» አሉት።

«ጌታዬ፣ ምስክር አለኝ፤ ያን ማታ እማማ ውበቴ ቤት ነበርሁ። እርሳቸው ይጠየቁልኝ።»

«አይ ተማሪ! ቅኔው ቢያልቅበት ባልቴት ምስክር ቆጠረ» አለ አንዱ ገበያተኛ፤ ሰዉም ሳቀ።

ውበቴ ብሩክታይትን እንዳዘለች ቀረበች።

«ከመመስከርሽ በፊት ሕጉን ስሚ» አሉ ቀኛዝማች። «ይህ ሰው ንጹሕ ከሆነ ወፏ ዋሽታለች፤ ወፏ ከዋሸች ሽማግሌው ከመሐላው ተፈትቶ ማንነቷን ይናገራል፤ ስድሳው ጅራፍም ለእርሷ ይዞራል። በይ እንግዲህ፤ ቤትሽ ነበር?»

ገብረ ኪዳን ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ልጅቱ ከጀርባዋ ተቁነጠነጠች፤ ገላዋ ገና አልጠናም፤ እኔ ብወድቅ ለማን ትቀራለች፣ ማን ያጎርሳታል፣ አለች ውበቴ በልቧ።

«እማማ፣ ይናገሩ እንጂ! ሲመሽ ጎመን እንኳ አብልተውኛል!»

«በደጄ ተማሪ ብዙ ያልፋል» አለች፤ «መልኩን አላስታውስም።»

ዘመነ አልተራገመም። ጥቂት ትክ ብሎ አያትና «ልጅቱ ተሻላት?» ብሎ ጠየቃት፤ መልሷን ሳይሰማ ጎትተው ወሰዱት።

በአርባኛው ጅራፍ ድምፁ ጠፋ፤ ቀኛዝማች ግን ቁጥሩ ይሙላ ብለው አዘዙ፤ ሞላ። በማግስቱ ቀበሩት።

ቀኛዝማች ለበላያቸው «ጥፋተኛው ተገኝቶ ተቀጥቷል፤ አገሩም ሰላም ነው» ብለው ጻፉ፤ የተቀጣው ማን እንደሆነ ግን አልጻፉም። ከብዙ ዘመን በኋላ አውጫጭኝ ቀረ፤ ፍርዱም በችሎትና በመዝገብ ሆነ፤ የድሮውን ሥርዓት የሚያወሱ ሰዎችም ምስጢረኛዋን ወፍ የአባቶች ብልሃት እያሉ አደነቁ። ብሩክታይት ድና አድጋ ስድስት ወለደች፤ ለአንዳቸውም የዘመነን ስም የነገራቸው የለም።