መልስ ያጡት ጥላዎች

የከሰም ኮሌጅ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ከጠዋት ጀምሮ ስድስት የውድድር ዘመን ተሸንፏል። ተጫዋቾቹን ግን ላብ እንኳ አልነካቸውም፤ ግማሾቹ ክፍል ውስጥ ናቸው፣ ግማሾቹ ካፌ ተሰልፈው ምሳ ይጠብቃሉ። ሲሸነፉ ያረፈዱት ጥላዎቻቸው ናቸው።

ኢዩኤል ከስፖርት አዳራሹ በላይ ባለችው የመስታወት ክፍል ተቀምጦ ሰባተኛውን ዘመን አስጀመረ። ከፊቱ ባለው ሰፊ ጠረጴዛ ላይ መዳፍ የሚያህሉ የብርሃን ልጆች ይሯሯጣሉ። መሣሪያው «ጥላ ሜዳ» ይባላል። ተጫዋቾቹ ሲሮጡ፣ ሲዘሉ፣ ሲያቀብሉ ከማሊያቸው ላይ የሰበሰበውን እንቅስቃሴ ይዞ የእያንዳንዳቸውን አምሳያ ይሠራል፤ ሥራውን ለሚፈልጉት አሰልጣኞችም እንዲሁ። ከዚያ ሁለቱን ያገናኝና የዓመቱን ውድድር የቀዳኸው ሻይ ሳይቀዘቅዝ አጫውቶ ይጨርሳል። በሸለቆው ከተማ ያሉ ኮሌጆች አሰልጣኝ የሚመርጡት በዚህ ነው። በመስኮቱ ማዶ ውሃ ሰብሳቢ ፊኛዎች ከአዋሽ ወንዝ ላይ ጭጋግ ጠጥተው፣ ሆዳቸው ተነፍቶ ቀስ እያሉ ይመለሳሉ።

በሩ ተከፈተና የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ፀዳለ ገቡ።

«ኢዩኤልዬ፣ አገኘህልኝ?»

«አላገኘሁም ዶክተር። ሰባተኛው አሰልጣኝም ያው ነው።»

«ያው ማለት?»

«ጭራ።»

ዶክተር ፀዳለ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ሴኔቱ አሥር ሰዓት ላይ ይሰበሰባል። ይህን ቡድን ከወደቀበት የሚያነሳ አሰልጣኝ ካላቀረብኩ ይዘጉታል። አዳራሹን የችግኝ ማፍያ ሊያደርጉት ልኬት ሁሉ ወስደዋል።»

«ልጆቹስ?»

«ትምህርታቸውን ይቀጥላሉ። ኳስ ግን የለም።»

ኢዩኤል ወደ ታች ተመለከተ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የልጆቹ ጫማ ወለሉን ሲፍቀው ይሰማዋል። ሲሸነፉም እርስ በርስ ተቃቅፈው ይወጣሉ እንጂ ሲወቃቀሱ ሰምቷቸው አያውቅም። እዚያ ወለል ላይ ችግኝ ተደርድሮ ታየው።

«ቆይ፣ ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆናል» አለና ጨዋታውን አዘገየው።

የኬሪያ ጥላ ቅርጫቱ ሥር ብቻዋን ናት። ትወረውራለች ሲባል ኳሱን ለአምበሏ ለሶሊያና አቀበለች። ሶሊያናም ማንም አልያዛትም፤ መልሳ ለኬሪያ ሰጠቻት። ኬሪያ ለህሊና፣ ህሊና ለኤፍራታ። የተፈቀደው ሃያ አራት ሰከንድ አለቀና ኳሱ ለተጋጣሚ ተሰጠ።

«በር ላይ የተገናኙ እንግዶች አስመሰሏቸው እኮ!» አሉ ዶክተር ፀዳለ። «ቅደሚ። አይ፣ አንቺ ቅደሚ። በሞቴ! በሩ እስኪዘጋ።» ሳቁና ወዲያው ነገሩ የሚያስቅ እንዳልሆነ ትዝ ብሏቸው ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ።

ኢዩኤል ያለፈውን ወር እውነተኛ ጨዋታ ከፍቶ ጎን ለጎን አስቀመጠው። ልክ ያው ነው። ማሽኑ አልተሳሳተም። ሰባቱ አሰልጣኞች ሁሉ «ወርውሩ!» ብለው ጮኸዋል፤ ልጆቹም በትህትና አንገታቸውን ነቅንቀው አንዴ ይወረውሩና ወደ መቀባበላቸው ይመለሳሉ።

የቀሩት ስምንተኛዋ ብቻ ነበሩ፤ ከወንዙ ማዶ ካለው ትምህርት ቤት ያመለከቱት አሰልጣኝ ሎሚናት። የእሳቸው ዘመን ገና በመጀመሪያው ልምምድ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ብልሽት። አልተጠናቀቀም» የሚል ቀይ ጽሑፍ በራ። በደንቡ መሠረት ያልተጠናቀቀ ዘመን ከምርጫው ይወጣል።

ኢዩኤል ሊያስወጣው እጁን ከዘረጋ በኋላ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከመጀመሪያው አደመጠ። የሎሚናት ጥላ ፊሽካ ነፋችና ጠየቀች፤ «ኬሪያ፣ ኳሱን ለምን ሰጠሻት?» የኬሪያ ጥላ ደርቃ ቀረች። ሌሎቹም ደረቁ። አሰልጣኟም መልሱን እየጠበቀች ቆመች፤ ማሽኑ እስኪሰለቸው ድረስ።

«ዶክተር፣ ሰባቱ ሁሉ ያዘዙት ነው። እኚህ ሴትዮ ግን ጠየቁ።»

«ታዲያ ለምን አልመለሱላቸውም?»

«ጥላ ሜዳ የሚያውቀው ያደረጉትን ነው። ለምን እንዳደረጉት የጠየቃቸው ሰው ስለሌለ የሚገለብጠው መልስ የለውም።»

ዶክተር ፀዳለ ሰዓታቸውን አዩ። «ጥራቸው። ልጆቹንም።»

አሰልጣኝ ሎሚናት ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ደረሱ። «ጥላዬ ምን አጠፋች?» አሉ ገና ከበሩ።

«ማሽኑን አቆመችው» አለ ኢዩኤል።

«አይ የኔ ነገር! ቤቴም የልብስ ማጠቢያው ስነካው ይቆማል።»

ሎሚናት ወደ ሜዳው ወረዱ፤ ልጆቹ መጫወት ጀመሩ። ብዙም አልቆየ፣ ኬሪያ ቅርጫቱ ሥር ብቻዋን ሆና ኳሱን ለሶሊያና ሰጠች፤ ሶሊያና መለሰችላት። ፊሽካ ተነፋ።

«ኬሪያ ነሽ አይደል? ኳሱን ለምን ሰጠሻት?»

ኬሪያ አቀረቀረች። ሁሉም አቀረቀሩ። ለኢዩኤል ጥላዎቹን መሰሉት። ማሽኑ ቢሆን እዚህ ላይ ያቋርጥ ነበር። ሎሚናት ግን ወለሉ ላይ ዘርፈጥ ብለው እግራቸውን ዘረጉ፤ ችኮላ ያላቸው አይመስሉም።

«ሶሊ ዘንድሮ ትመረቃለች» አለች ኬሪያ በስንት ጊዜዋ። «የመጨረሻ ዓመቷ ስለሆነ እሷ ታግባ ብዬ ነው።»

ሶሊያና ዞር አለች። «እኔ እኮ ጀማሪ ስለሆንሽ እንድትደፋፈሪ ብዬ ነው የምመልስልሽ!»

«እኔ ደግሞ የተኳረፋችሁ መስሎኝ» አለች ህሊና፣ «ለአንዳችሁም እንዳላደላ ለኤፍራታ ነው የምሰጠው።»

«ለዚህ ነው እንዴ?» ኤፍራታ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እኔኮ ሰዓቱ ሲያልቅ ነው የሚደርሰኝ። ጥፋቱ በኔ እንዲሆን ፈልገው ነው ብዬ... ስንቴ ልተወው ነበር።»

ሶሊያና እቅፍ አደረገቻት። አንዷ ፍርስ ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ተጋባ። «ይህን ሁሉ ጊዜ በጨዋነት ተሸነፍን!» አለች ኬሪያ ሆዷን ይዛ።

ሎሚናት ልብሳቸውን አራግፈው ተነሱ። «በሉ፣ ብቻዋን የሆነችው ትወርውር። ይቅርታ የምትል ግን ሜዳውን ትዞራለች።»

ኬሪያ ወረወረች፤ ሳተች። «ክርንሽን ሰብስቢ፣ አንቺ ልጅ!» ብላ ሶሊያና አንባረቀችባት። ኬሪያም «አንቺስ የት ነበርሽ?» አለቻት። ኳሱን ያነሳችው ኤፍራታ ግራ ቀኝ አላየችም። አስገባችው።

ከላይ ዶክተር ፀዳለ ረጅም ትንፋሽ ለቀቁ። «ለሴኔቱ ስንት ጨዋታ እናሸንፋለን ልበል?»

«አላውቅም» አለ ኢዩኤል። ይህን ቃል ከአፉ ካወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ሲለው ቀለል አለው።

«እኔም ይህንኑ እላቸዋለሁ። ያላመነ መጥቶ ይይ።»

ዶክተር ፀዳለ ከአሥር ሰዓት በኋላ ተመልሰው ሲመጡ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጡ ነበር። «ለአንድ ዓመት ፈቀዱልን! ሊቀመንበሩ ራሳቸው የፊት ወንበር ያዙልኝ ብለዋል።»

ኢዩኤል ተቀምጦ ሳቀ፤ ከጠዋት ጀምሮ ተወጥሮ የነበረው ትከሻው ወረደ። ታች ጫማዎቹ ወለሉን ይፍቃሉ፤ ዛሬ ግን ጭቅጭቅም አለበት፣ የሎሚናት ፊሽካም አለበት።

ጠረጴዛውን ሊያጠፋ ሲል አዲስ ጽሑፍ በርቶ አየ። ጥላ ሜዳ ከማሊያዎቹ የሚመጣለትን እንቅስቃሴ ካከማቸው ጋር ሲያስተያይ ቆይቶ ማመሳሰል አቅቶታል። «እነዚህን ተጫዋቾች አላውቃቸውም» ይላል ጽሑፉ። «አዲስ ሰዎች ናቸው?»

ኢዩኤል ሜዳውን ቁልቁል አየ። ማሊያው ያው ነው፣ ልጆቹም ስም በስም የሚያውቃቸው ናቸው። ጥቂት አሰበና «አዎ» የሚለውን ነካ።